የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሐረጎን ወጥቶ የሚገባ መኪና

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ የሚበልጡት ስለ መኪና ናቸው፣ ያውም ስለ አንድ ዓይነት መኪና፣ ያቺ ከቤት መኪና ከፍ ብላ ከላንድክሩዘር ያነሰችው፣ ኮምፓክት ኤስዩቪ ወይ ክሮስኦቨር የሚሏት። የሁሉንም ማተም አልችልም፣ አራቱን መርጫለሁ። ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ መጽሔቱ እጃችሁ ሲገባ ሌላ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ መምህር ነኝ፣ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ቤታችን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። በየቀኑ በሚኒባስ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሐረጎን፣ መውረድና መውጣት ሰልችቷታል። ያለችንን አጠራቅመን ዕቁብም ወጥቶልን አንድ አዲስ ትንሽ ኤስዩቪ ልንገዛ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ "ኤሌክትሪክ ግዛ፣ የቢዋይዲው ዩዋን ፕላስ በአንድ ቻርጅ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ደሴ ደርሶ ይተርፈዋል" ይለኛል። ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ደሞ "ባትሪ ምናምን ደሴ ላይ ማን ይነካልሃል፣ ያገለገለ ሱዙኪ ቪታራ ግዛና ተኛ" ይላል። ባለቤቴ የምትፈልገው ከፍ ያለ ወንበር ብቻ ነው። ማንን ልስማ? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ ግን ወንድምህ የሚያወራው ስለ ቦሌ መንገድ ነው ጎረቤትህ ደሞ ስለ ጋራዡ። ያንተ መንገድ ሐረጎ ነው፣ ስለዚህ ከሐረጎ እንጀምር።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ባለቤትህ ጠዋት 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ 650 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳለች፣ ማታ ያንኑ ትወጣለች። የቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ነው አየር ይፈልጋል፣ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ፣ አየር በግፊት የሚያስገባለት ዕቃ፣ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ ደሴ ሲደርስ ሩቡ የለም። ወረቀቱ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና ቧንቧ ውሃ ላይ 75 ነው ማለት ነው፣ ላዩ ላይ አራት ሰውና ከኮምቦልቻ የተገዛ ዕቃ ጨምርበትና ዳገቱ መሃል ከተጫነ ሲኖትራክ ኋላ ስትደርስ ልቅደም አልቅደም እያልክ ትቀራለህ። ቤንዚን ከሆነ ምርጫህ ቱርቦ ያለውን ፈልግ፣ ለምሳሌ ቪታራ ባለ 1.6 ቱርቦ የሌለውም ባለ 1.4 ቱርቦውም አለ፣ ቁጥሩ ስላነሰ አትናቀው፣ ደሴ ላይ ትንሹ ይበልጣል።

ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። ደሴ ላይም ኮምቦልቻም ጉልበቱ ያው ነው፣ ገና እግርህን ስታሳርፍ ነው የሚጎትተው፣ ዳገት ላይ ይሄን አንዴ ካየህ ወደኋላ መመለስ ይከብድሃል።

ቁልቁለቱ ላይ ደሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከባድ መኪኖች ሐረጎን ጨርሰው ኮምቦልቻ ሊገቡ ሲሉ ያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መስኮት ዘግተህም ይገባል፣ ታውቀዋለህ። ኤሌክትሪክ መኪና ግን እግርህን ከመስጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዘውና ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ፍሬኑን ብዙ ሳትነካው ትወርዳለህ። አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ባትሪው 100 ሞልቶ ከደሴ ከወጣ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይሄ ነገር መጀመሪያ ላይ ይዳከማል፣ መኪናው አልያዘም ብለህ ትደነግጣለህ። ስለዚህ ደሴ የሚያድር መኪና ለጠዋት 85፣ 90 ይበቃዋል። ኮምቦልቻ የሚያድር ቢሆን ሽቅብ ነው የሚጀምረው፣ መቶም ቢሞላ ግድ የለም።

አሁን ወደ 510ሩ። ዩዋን ፕላስ ባለ 60.5 ኪሎዋት አወሩ (ባትሪው የሚይዘው ኃይል ልክ ነው) በቻይና መለኪያ 510 ይላል፣ ያው መኪና አቶ 3 ተብሎ አውሮፓ ሲሸጥ እዚያ በሚለኩበት 420 ነው የተጻፈለት። መኪናው አልተለወጠም፣ ሜትሩ ነው የተለወጠው፣ የቻይናው መለኪያ ቀስ ያለ የከተማ መንገድ ይበዛበታልና ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚያወራው። ሻጭ ሁሉ የሚነግርህ ትልቁን ቁጥር ነው፣ እኔ ብሆን ከቻይናው ቁጥር ላይ ሲሶውን ቀንሼ ነው ሂሳቤን የምሠራው፣ ያኔ ወደ 340 ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ደሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አይደርስም በቃ፣ መንገድ ላይ መሙላት አለብህ።

እዚህ መንገድ ላይ ደሞ ከርቀቱ ይልቅ አቀማመጡ ነው የሚያታልለው። ከአዲስ ስትመጣ ደብረ ብርሃንን አልፈህ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣና ሸዋ ሮቢት ድረስ ቁልቁል ነው፣ 1,300 እንኳ አይሞላም ሸዋ ሮቢት፣ እስክሪኑ ላይ ኪሎ ሜትሩ አልቀንስ ሲል ደስ ይልሃል። ስትመለስ ነው ጉዱ። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ለመውጣት ብቻ፣ መደበኛው የመንገድ ፍጆታ ሳይቆጠር፣ ሁለት ቶን የሚጠጋ የተጫነ መኪና ወደ 9 ኪሎዋት አወር ይበላል፣ ሜዳ ላይ ቢሆን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወስድህ ነው። ሸዋ ሮቢት 25 በመቶ ይዘህ ደርሰህ "ደብረ ብርሃን እገባለሁ" እንዳትል። ከመነሳትህ በፊት የምታርፍበት ሆቴል ደውለህ መሙያ አላችሁ ወይ፣ ሶኬቱ ምን ዓይነት ነው በል። ከቻይና በቀጥታ የሚገቡት የቻይና መሰኪያ ነው ያላቸው፣ ጂቢቲ የሚባለው፣ አውሮፓ የሚጠቀሙበት ሲሲኤስ ሌላ ነው፣ አንዱ ሌላው ላይ አይገባም። የሚሸጥልህን ሰው አዳፕተር አብረህ ስጠኝ በለው፣ ካልሰጠህ ዋጋ ላይ ቀንስ በለው።

ለባለቤትህ የየቀኑ መንገድ ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም። ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ዳገቱ የሚበላውን ቁልቁለቱ ከሚመልሰው ጋር አቻችለህ በቀን 10 ኪሎዋት አወር ብትይዝ ይበቃል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይስባል፣ ከኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ያነሰ ማለት ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሰክተህ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ያለችው መብራት ትበቃዋለች። ምጣዱና መኪናው ግን አንድ ላይ እንዳይሆኑ። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው የሦስት አራት ቀን መንገድ ይዟል፣ ስለዚህ "መብራት ሲጠፋስ" የሚለውን ስጋት ያን ያህል አልፈራውም።

እኔ የምፈራልህ ሌላ ነው፣ ቤቱ ያንተ ነው ወይስ ኪራይ? ቆጣሪውስ ለብቻህ ነው? አልነገርከኝም። ቆጣሪ በጋራ በሆነበት ግቢ ኤሌክትሪክ መኪና ማስገባት በየወሩ ከአከራይና ከተከራይ ጋር መጨቃጨቅ ነው። መኪናው ግቢ የማይገባ ከሆነ ደሞ ኤክስቴንሽን በመስኮት አውጥቶ በዝናብ መንገድ ዳር መሙላት የለም፣ እሱን ካሰብክ ከአሁኑ ተወው። ግቢ ካለህ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ ለመኪናው ብቻ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 16 አምፔር ሶኬት አስገጥም፣ የምድር ሽቦ መኖሩን አስለካ። አብዛኛው የድሮ ቤታችን ምድር የለውም፣ ቻርጀሩ ደሞ ምድር ከሌለ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል፣ ሰው መኪናው የተበላሸ እየመሰለው ይደናገጣል። ተራ ሶኬት ላይ በየሌሊቱ ከሰካኸው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ጎረቤትህ ስለ ጥገናው ያለው ውሸት አይደለም። ዘይት የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ካንዴላ የለም፣ የሚበላሸው ነገር ያንሳል፣ ግን አንድ ቀን ባጃጅ ፓራውልትህን ቢያነሳልህ ወይ የፊት መብራቱ ቢሰበር መለዋወጫው ከየት ይመጣል ነው ጥያቄው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስትነጋገር "ጋራንቲ አለው" ሲልህ ወረቀቱን አሳየኝ በለው፣ ማን ነው የፈረመው፣ እዚህ አገር ነው የሚሠራው ወይስ ቻይና፣ ባትሪውን ለብቻው ስንት ዓመት ይላል። በግል አስመጪ የገባ ከሆነ ቻይና ያለው ጋራንቲ ላንተ ምንህም አይደለም። እስክሪኑንም አስከፍተህ እይ፣ እንግሊዝኛ ይሆናል ወይስ ቻይንኛ ብቻ ነው፣ ሐረጎ ላይ በጉም መሃል ቻይንኛ እያነበብክ የፍሬቻ ማስተካከያ ስትፈልግ አይታየኝም።

የባትሪውንም ዓይነት ጠይቅ። ቢዋይዲዎቹ ላይ ያለው ብሌድ የሚሉት በብረትና ፎስፌት የተሠራ ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ አልፎ አልፎ መቶ መሙላቱ እንዲያውም ይመከራል። ኒኬል ያለበት ባትሪ፣ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለው፣ ለዘወትር 80 ላይ ማቆም ነው ዕድሜውን የሚጠብቀው። ሁለቱም ይሆናሉ፣ አያያዛቸው ነው የሚለየው።

ቪታራው ላይ ያለኝ ነገር ደሞ ይሄ ነው። ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለውን እስከ 500 በመቶ አድርሶበታል፣ ስለዚህ ገበያው ላይ ያለው ቤንዚን መኪና ድሮ የገባው ነው እየተዟዟረ ያለው፣ ላረጀ ዕቃ የአዲስ ዋጋ ነው የምትከፍለው። ኤሌክትሪኩ በተቃራኒው ተገጣጥሞ ለሚገባው ጉምሩኩ 15 በመቶ ሆኖ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ ነው የተጀመረው፣ ለዛ ነው ተቀራራቢ ዋጋ ላይ አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን ቆመው የምታየው። ግቢና ቆጣሪ ካለህ እኔ ያለ ማመንታት ኤሌክትሪኩን ነው የምልህ፣ ትልቁንም ባትሪ ማሳደድ የለብህም፣ የዚያው የቢዋይዲ ትንሹ ዩዋን አፕ ባለ 45 ኪሎዋት አወሩ ራሱ ለሐረጎ ይበቃል፣ አዲስ አበባ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምትሄዱት? የኪራይ ቤት ከሆነ ጎረቤትህን ስማው።

ባለቤትህ ከፍ ያለ ወንበር ያለችውን አትናቀው ደሞ፣ ልጅ ይዞ ጎንበስ ሳይሉ መግባትና መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከመክፈልህ በፊት እሷ ራሷ ትቀመጥበት፣ አዲስ አበባ ከሆነ አራት ሆናችሁ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ነድታችሁ ሞክሩት፣ ሻጩ "ግቢ ውስጥ ብቻ ነው የሚነዳው" ካለ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነው የምኖረው፣ እህል ነጋዴ ነኝ። መርሳ፣ ቆቦ፣ አንዳንዴ ላሊበላ፣ ገበያ ሲሆን ደሞ ከአስፋልት ወጥቼ ኮረኮንች ውስጥ እገባለሁ፣ ክረምት ጭቃ ነው። ደላላው አንድ አዲስ ኤሌክትሪክ አሳይቶኝ "ኤስዩቪ ነው፣ ኤስዩቪ ሁሉ ፎር ዊል ነው" አለኝ። እውነት ነው? (ከወልድያ)

መልስ፦ አይደለም ወንድም ጋሼ፣ ደላላው ወይ አያውቅም ወይ አንተ እንዳታውቅ ይፈልጋል። ኤስዩቪ ማለት አሁን ቅርፁ ብቻ ነው። አብዛኛዎቹ ትንንሾቹ ባለ አንድ ሞተር ናቸው፣ በፊት ጎማ ብቻ ይነዳሉ፣ አይዲ 4 ባለ አንድ ሞተሩ በኋላ ጎማ ነው። ፎር ዊል የሆነ ኤሌክትሪክ ሁለት ሞተር አለው፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ፣ ዋጋውም ለብቻው ነው፣ ወረቀቱ ላይ "ሁለት ሞተር" የሚል ከሌለ የለውም በቃ። የነዳጆቹም እንዲሁ ናቸው፣ የአሁኑን ቶዮታ ራሽ ሰው ቁመናውን አይቶ ፎር ዊል ይለዋል፣ በኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚነዳው። ቪታራና ራቭ ፎርም በሁለቱም ዓይነት አሉ።

ያንተ ነገር ግን ከፎር ዊሉም በላይ የሆዱ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወንበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ተዘርግቶ ነው ያለው፣ የመኪናው ውዱ ዕቃ ለድንጋዩ በጣም የቀረበው ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ከመሬት ከፍታ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው፣ አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ስትጭንበት ይወርዳል። ባዶውን ቪታራ 185 ሚሊ ሜትር ይሉታል፣ እኔ ላንተ ከዚያ በታች የሆነውን አላስበውም። ደላላው መኪናውን ያሳየህ ቦታ ካርቶን አንጥፈህ ከሥሩ ተኛና እይ፣ መከላከያ ላሜራ አለው ወይስ ባዶውን ነው፣ አዲስ የተባለው ላይ ጭረት ካለ ደሞ አዲስነቱን ተጠራጠር። ኮፈኑንና በሩን ከፍተህ የተመረተበትን ዓመትና ወር የሚገልጸውን ሰሌዳ አንብብ፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር ሆኖ ሁለት ዓመት ግቢ የቆመ አለ፣ የቆመ ባትሪም ጎማም ያረጃል።

ሌላው ስኮርት ጎማ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ኤሌክትሪኮች ስኮርት የላቸውም፣ ጎማ የሚሞላ ትንሽ ፓምፕና የሚደፍን ፈሳሽ ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ለሚስማር ነው እንጂ ድንጋይ ጎኑን ለቀደደው ጎማ ምንም አያደርግም። ከመርሳ ወዲያ ሌሊት ላይ ሲደርስብህ ምን ታደርጋለህ? ቸርኬው ልኩ የሆነ አምስተኛ ጎማ የመግዛት ሐሳብ ከሌለህ አትንካው።

ጭቃና ኮረኮንቹ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከሆነ እነዚህ ትንንሽ ኤስዩቪዎች ያንተ መኪና አይደሉም፣ እውነተኛ ፎር ዊል የሆነ ያገለገለ ፈልግ፣ መካኒክህን ይዘህ ሂድ፣ ደላላው ያመጣልህን መካኒክ አይደለም። ገጠር የምትገባው አልፎ አልፎ ከሆነና አስፋልቱ የሚበዛ ከሆነ ሁለት ሞተር ያለው ኤሌክትሪክ እንነጋገር፣ ግን እህሉን ለአይሱዙ ተውለት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ልጆቼ። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ልጄ ሪያድ ሠርታ ለወንድሟ መኪና ልትገዛለት ነው፣ ትንሽ የጎደለውን ከባንክ እንሙላው ይላሉ፣ እኔ ደሞ ወለድ ውስጥ ልጆቼ እንዲገቡብኝ አልፈልግም። ሙራባሃ የሚሉት እውነት ወለድ የለውም ወይስ ስሙ ነው የተቀየረው? መኪናውስ በማን ስም ይሁን? (የልጆች እናት)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም እናቴ፣ አብሽሩ። ሙራባሃ ማለት ባንኩ ገንዘብ አያበድርዎትም፣ መኪናውን ራሱ ከሻጩ ይገዛና የሱ ካደረገው በኋላ ትርፉን ጨምሮ ለልጅዎ ይሸጥለታል፣ ልጁ በየወሩ እየከፈለ ይጨርሳል። ትርፉ ከመጀመሪያው ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። ስለዚህ እርስዎ የሚያዩት ነገር አንድ ነው፣ ባንኩ ገንዘቡን ለልጅዎ እጅ ሰጥቶ "ሄደህ ግዛ" ካለ እሱ ሙራባሃ አይደለም፣ ብሩ ከባንኩ ወደ ሻጩ ነው መሄድ ያለበት። የባንኩን ትርፍና የመኪናውን ዋጋ ለየብቻ ጽፈው ያሳዩ በሏቸው፣ ዲኑን የሚያውቅ ሰውም ውሉን ከመፈረሙ በፊት ያንብበው። ኢንሹራንሱንም ታካፉል፣ ወለድ የሌለበትን ኢስላማዊ ኢንሹራንስ፣ የጀመሩ ስላሉ ባንኩ ከየትኛው እንደሚቀበል ይጠይቁ። ባንኩ ሦስተኛ ወገን ብቻ አይቀበልም፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ይፈልጋል፣ የዓመቱን ክፍያ ከወዲሁ ሂሳብ ውስጥ ያስገቡት፣ ብዙ ሰው እሱን ረስቶ ነው የሚቸገረው።

በማን ስም ላሉት፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ግን ዝም ብለው አይለፉት እናቴ። ልጅቷ ናት የደከመችበት። በሷ ስም እንዲሆን ከፈለጋችሁ እዚያው ሪያድ ኤምባሲ ሄዳ ለወንድሟ ውክልና ትስጥ፣ እዚህ ሲመጣ ውጭ ጉዳይና ውልና ማስረጃ ያረጋግጡታል፣ ከዚያ ሊብሬው በሷ ስም ይወጣል፣ እሱ ይነዳል። ውክልናው ላይ መሸጥ ይችላል ወይስ መንዳትና ማስተዳደር ብቻ የሚለው ተለይቶ ይጻፍ። ክፉ ነገር አስቤ አይደለም፣ ወንድምና እህት በመኪና ሲኳረፉ ስላየሁ ነው። ገንዘቡንም በባንክ ትላከው፣ ደረሰኙ ይቀመጥ።

ክፍያው ላይ ደሞ አንዲት ብር ከማውጣታችሁ በፊት የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ልጁ በዓይኑ ያይ፣ መስታወቱ ሥር በግራ በኩል ከውጭ ይነበባል። ፎቶ በቴሌግራም ተልኮ "ይኸው ቁጥሩ" የሚባል ነገር የለም። ቀብድም ቢሆን በባንክ እንጂ በእጅ አይሰጥ።

ጥያቄ፦ እኔና እጮኛዬ ሁሉንም ጨርሰናል መኪናውን መርጠናል፣ የተጣላነው ቀለሙ ላይ ነው። እሱ ጥቁር ይላል እኔ ነጭ። (ከሐይቅ)

መልስ፦ ነጭ። ኮምቦልቻና ባቲ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ውስጥ ገብታችሁ ኤሲውን ስትከፍቱ የሚበላውን ባትሪ እሱ ያስበው። አቧራ ሁለቱም ላይ ይታያል፣ ጥቁር ላይ ግን እያንዳንዷ ጭረት አብራ ትታያለች፣ ስትሸጡትም ነጭ ቶሎ ይሄዳል። ጥቁሩን ለሰርጉ ቀን ተከራዩ።